ያውቁ ኖሯል? የንጉሡን ስም አትጥሩ ያለችው መነኩሲት

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደው ድብ ባሕር ሲደርሱ ደጋው ያበቃል። ከዚያ አዲ አርቃይ ነው፤ ወዲያ ጸለምት፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ዋልድባ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642) ካቶሊክ የሆነውን አፄ ሱስንዮስን እየተቃወመች ያስተማረችው በዚሁ በዋልድባና በጸለምት አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ትምህርቷ አጭር ነበር፦ ሃይማኖቱን የለወጠ ንጉሥ ስሙ በቅዳሴ አይነሣ! ለዛሬ ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን ካህኑ በቅዳሴ መካከል ለንጉሡ በስሙ ይጸልይለታል፤ ቤተ መንግሥትን አይቶ የማያውቅ ገበሬም የንጉሡን ስም የሚሰማው እዚያው ቆሞ ሲያስቀድስ ነው። ስሙ ተዘለለ ማለት አልጋው ተነቀነቀ ማለት ነው። ወለተ ጴጥሮስም ችሎት ቆመች፤ ክሱ በንጉሥ ላይ ማመፅ ነበር።

ባሏ መልክአ ክርስቶስ የሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1617 ሲገደሉ የእሱም እጅ እንዳለበት ስታውቅ ጥላው መነኮሰች። የሚገርመው፣ ኋላ ንጉሡ ሊገድላት ሲነሣ ለምኖ ያስጣላት ይኸው ባሏ ነው።

ከሞት ብትተርፍም አልተተወችም። የካቶሊክ ፓትርያርክ ተብሎ የተላከው አፎንሶ ሜንዴዝ ራሱ ሊያሳምናት ለወራት ደከመ፤ አልሆነለትም። ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዘበይ፣ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ሰዉ ግን ተከትሏት ሄደ! ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተቋቋመው በዚያው በግዞት ስፍራ ነው። በማኅበራቷ ወንዶችም ነበሩ፤ አለቃቸው እሷ።

ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ። ገድሏ የተጻፈው በ1672 ሲሆን ጸሐፊው ገላውዴዎስ ይባላል። ብዙ ምሁራን ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉ መጻሕፍት ቀደምቱ ነው ይሉታል። መታሰቢያዋ ኅዳር 17 ነው።

ከእሷ በፊትም ይኸው የሰሜን አገር ሌላ ሴት አይቷል፤ ያቺኛዋ ስሟ እንኳ አልተመዘገበም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ተራሮች ቤተ እስራኤልን ሲወጋ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ትነዳ ነበር። ገደሉ አፋፍ ስትደርስ አዶናይን ጠርታ ዘለለች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ይህን የጻፈው የንጉሡ የራሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው፤ ድፍረቷንም ሳያደንቅ አላለፈም።

እቴጌ ጣይቱስ? የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። በ1896 መጀመሪያ መቀሌ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ውኃ አስይዘው ምሽጉን እንዲለቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ የዓድዋ ጦርነት ገና አልደረሰም።