ለጉልበት ጉልበት

በአማርኛ መገጣጠሚያውና ብርታቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። እግር የሚታጠፍበትም ጉልበት ነው፤ ሸክም የሚነሣበት፣ እርሻ የሚታረስበት ኃይልም ጉልበት ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው የሚሰማው ምክር ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚያለያይ ነው፦ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ደረጃ አትውጣ፣ አጥንትህ አልቋል።» ምክሩ የሚመጣው ከፍቅር ነው፤ ልጆች ለእናታቸው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጡታል። ሆኖም ባለፉት 25 ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ነው። በዕድሜ ለመጣና ለቆየ የጉልበት ሕመም የመጀመሪያው ሕክምና በልክ የሚሰጥ፣ ቀስ በቀስም የሚጨምር የጡንቻ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ሕክምና ነው፤ ለምን ከቀዶ ጥገና እንደሚቀድምና አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ጭምር።

ነገሩ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይትስ የሚሉትን፣ በእኛ ዘንድ በጅምላ ቁርጥማት ወይም ሪህ የሚባለውን ሕመም ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከነዚህ ውስጥ 365 ሚሊዮኑ የሚያማቸው ጉልበታቸውን ነው። የጭንና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ልስልስ ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያውን ከሚያረጥበው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹም የሚገባውና የሚወጣው እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ጉልበት የሚራብ ጉልበት ነው። ከዚህም ጋር በሕመሙ ምክንያት የተቀመጠ ሰው የፊተኛው የጭን ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ይሳሳል፤ ጡንቻው ይሸከመው የነበረው ጫና ወደ መገጣጠሚያው ይዞራል፤ ጉልበቱ የበለጠ ያማል፤ ሰውየውም የበለጠ ይቀመጣል። ዕረፍት የተባለው መድኃኒት በሽታውን የሚቀልበው በዚህ መንገድ ነው።

«ያለቀ ነገር ሲሠራበት ይበልጥ ያልቃል እንጂ እንዴት ይድናል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የመኪና ጎማ ቢሆን ኖሮ መልስ ባልነበረው። የሰው መገጣጠሚያ ግን ሕያው ነው፤ ጫናን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ሥራ የዳሌና የጉልበት ኦስቲዮአርትራይትስ ለጤናቸው ብለው ከሚሮጡ ሰዎች በ3.5 በመቶው ላይ፣ ከማይሮጡ በ10.2 በመቶው ላይ፣ ለውድድር ከሚሮጡ ደግሞ በ13.3 በመቶው ላይ እንደታየ አሳይቷል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጉልበቱን ያመመው ሰው ቀድሞውኑ ሩጫ ያቆማልና። ቢሆንም መጠነኛ ሥራ ጉልበትን ያፈርሳል የሚለውን ፍርሃት ይዞ መቀጠል ከዚህ በኋላ ይከብዳል። ከልክ ያለፈው ይጎዳል፤ ምንም አለመሥራትም ይጎዳል።

ሰውን ወደ ቀዶ ጥገና የሚገፋው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን የራጅና የኤምአርአይ ፎቶው ነው። «ሜኒስከስህ ተቀዷል» የተባለ ሰው የተቀደደው ይሰፋልኝ ወይም ይቆረጥልኝ ቢል አይፈረድበትም። ሜኒስከስ በሁለቱ አጥንቶች መካከል የተነጠፈ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው የፍራሚንግሃም ከተማ ከ50 እስከ 90 ዓመት የሆናቸውን 991 ነዋሪዎች ጉልበት በኤምአርአይ መረመረ። የተመረጡት ታመው ስለመጡ አልነበረም። ሜኒስከሳቸው የተቀደደ ሆኖ ከተገኙት መካከል 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ምንም የጉልበት ሕመም ወይም መገተር አልተሰማቸውም። እንግዲህ በዚያ ዕድሜ የተቀደደ ሜኒስከስ እንደ ሽበት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ካርቲሌጁ ራሱ የሕመም ነርቭ ስለሌለው፣ ሕመሙ የሚመነጨው ከሥሩ ካለው አጥንት፣ ከመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋንና በዙሪያው ካሉ አካላት ነው። ለዚህ ነው ፎቶውና ሥቃዩ የማይገጥሙት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ምልክቱ ግልጽ የሆነ የመካከለኛ ዕድሜ ሰው ያለ ራጅ በምርመራ ብቻ እንዲለይ ያዛል።

የቀዶ ጥገናውን ታሪክ ግን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። አርትሮስኮፒ ማለት በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መገጣጠሚያውን ማጠብና የሻከረውን መላግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ650,000 በላይ ጊዜ ይሠራ እንደነበር፣ አንዱም ወደ 5,000 ዶላር እንደሚያስወጣ ተገምቶ ነበር። በዚያው ዓመት ቀዶ ሐኪሙ ብሩስ ሞዝሊና ባልደረቦቹ በሂዩስተን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የሠሩት ጥናት ታተመ። 180 ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የአንዱ ቡድን ጉልበት ታጠበ፤ የሁለተኛው ታጥቦ ተላገ፤ የሦስተኛው ግን ቆዳው ብቻ በሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ መሣሪያ አቀብሉኝ እያለ የእውነተኛውን ያህል ጊዜ ቆየ፤ ከዚያም ቁስሉ ተሰፋ። ሕመምተኞቹ የይስሙላው ሊደርሳቸው እንደሚችል አውቀው ፈርመዋል፤ የትኛው እንደደረሳቸው ግን አያውቁም። ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው በሕመምም ሆነ በመራመድ ረገድ የታጠበው ወይም የተላገው ቡድን ቆዳው ብቻ ከተሰነጠቀው ተሽሎ የተገኘበት ጊዜ አልነበረም።

ብዙ ቀዶ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ጥናቱ የተሠራው በአንድ ሆስፒታል፣ በአብዛኛው በወንዶች ላይ ነው አሉ፤ ትችቱም ሚዛን የሚደፋ ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከካናዳ መጣ። እዚያ 178 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ፊዚዮቴራፒና መድኃኒት ብቻ የወሰዱት፣ በዚያ ላይ አርትሮስኮፒ ከተጨመረላቸው ጋር ከሁለት ዓመት በኋላ እኩል ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናታቸውን ያወጡ የፊንላንድ ሐኪሞች ደግሞ በዕድሜ ሜኒስከሳቸው የተቀደደ 146 ሰዎችን ወስደው ለግማሾቹ ቆረጡ፣ ለግማሾቹ የቆረጡ መሰሉ፤ ከዓመት በኋላ የሚያስታውቅ ልዩነት አልነበረም። «እኔ ግን ተሠርቼ ዳንኩ» የሚል ሰው አልዋሸም። ሰው ቀዶ ጥገና የሚወስነው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው፤ የጉልበት ሕመም ደግሞ ይጠናል፣ ይበርዳል። ከበረደ በኋላ ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የተደረገው ነገር ነው። በነዚህና በሌሎች ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ መመሪያ፣ በዕድሜ ለተጎዳ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይሠራ አጥብቆ መክሯል።

በምትኩ የሚሰጠው ምንድን ነው? ከሁሉ በተሻለ ተደራጅቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንማርክ የተጀመረውና ግላድ በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቀው መርሐ ግብር ነው፤ ኋላም ካናዳንና አውስትራሊያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሯል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ስለ በሽታው ትምህርት ይሰጠዋል፤ ጉልበቱ እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር አለመሆኑን ይረዳል። ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በ6 ሳምንት 12 ጊዜ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታየ ይሠራል። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ ዳሌንና ጭንን በላስቲክ እየሳቡ ማጠንከር። ዋናው ብልሃት ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። ጉልበቱ ከጣቶቹ ጋር በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ወደ ውስጥ አይታጠፍም፤ ሥራው ሲለመድም ይከብዳል። መጠነኛ ሕመም ቢሰማ አያስቆምም፤ የሚታየው ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለሱ ነው። ከተመለሰ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ቀን ይቀነሳል። ሕመምን እንደ አደጋ ደወል ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው እንደ መለኪያ ማንበብ ይማራል፤ የሕክምናው ግማሽ ይህ ይመስለኛል።

ረዳቶችም አሉት። ክብደት የበዛበት ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተለክቷል። ምርኩዝ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። የሚቀባ የሕመም ማስታገሻ ከሚዋጠው ይቀድማል፤ ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ለወራት ያለ ሐኪም መዋጥ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። የኮርቲዞን መርፌ ለሳምንታት ያስታግሣል፤ ነገር ግን በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት የተወጉ ሰዎች የጨው ውሃ ከተወጉት ባልተሻለ ሁኔታ ሕመማቸው ቀጥሎ፣ ካርቲሌጃቸው ይበልጥ ሳስቶ ተገኝቷል። በየፋርማሲው በውድ የሚሸጠው ግሉኮዛሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በ1,583 ሰዎች ላይ ሲፈተን በጥቅሉ ከባዶ እንክብል አልተሻለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሱ ከማስረጃው ነው። ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ ሕመምን እንደሚቀንስ፣ መጠኑ ግን ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ይናገራል። ዴንማርክ ውስጥ በ206 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናትም ትምህርትና እንቅስቃሴ የተሰጣቸው ሰዎች፣ የጨው ውሃ መሆኑ በግልጽ ተነግሯቸው መርፌ ከተወጉት አልበለጡም። ይህን መደበቅ አይገባም። የይስሙላ ንጽጽር ቀዶ ጥገናን ከጣለ እንቅስቃሴንም በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ ነው። ሆኖም ሁለቱ በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት ዕዳ አንድ አይደለም። አንዱ የቁስል ማመርቀዝና የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል፣ ገንዘብም ይጨርሳል፤ ሌላው ከጉልበት አልፎ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ ይጠቅማል። የጉልበቱ ጥቅም ትንሽ ነው ቢባል እንኳ፣ ትንሹን በርካሽና ያለ አደጋ የሚሰጠውን ማስቀደም ያስኬዳል። «ይፈውሳል» ብሎ መስበክ ግን ሕመምተኛውን ማታለል ነው።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የመተካት ቀዶ ጥገና ከአርትሮስኮፒ ጋር መምታታት የለበትም፤ እርሱ በእውነት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የዴንማርክ ጥናት ለመተካት የደረሱ 100 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። በዓመቱ የተተካላቸው ከ100 ነጥብ በአማካይ 32፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የጀመሩት 16 ያህል ነጥብ ተሻሻሉ፤ ከባድ ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ላይ 24 ጊዜ፣ በኋለኞቹ ላይ 6 ጊዜ ተመዘገበ። ሕክምናው ያለ ቀዶ ከተጀመረላቸው 50 ሰዎች መካከል በዚያ ዓመት ለመተካት የወሰኑት 13 ብቻ ናቸው። ሌሊት የማያስተኛ፣ ጥቂት እርምጃ የማያስኬድ ጉልበት ያለው ሰው ወራት ሠርቶ ካልተሻለው መተካቱ ሽንፈት አይደለም፤ ቀድሞ የጠነከረው ጡንቻ ያኔም ይጠቅመዋል። ከትኩሳት ጋር በድንገት ያበጠና የጋለ፣ ከወደቁ በኋላ መቆም የከለከለ ወይም ተቆልፎ የማይዘረጋ ጉልበት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ዝቅተኛው በርጩማ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ የጾም ስግደት ጉልበትን ይፈትናሉ። ብዙ አረጋውያን ስግደትና ደረጃ የሚተዉት ለዘለቄታው ነው፤ ይህ መተው ከሕመሙ ያልተናነሰ ያሳዝናል። ከፍ ካለ ወንበር መነሣትን ጀምሮ በየሳምንቱ መቀመጫውን ዝቅ እያደረጉ ወደ በርጩማው መመለስ ይቻላል። ስግደትም እጅን አግዳሚ ላይ ደግፎ፣ ቁጥሩን ቀንሶ ሊጀመር ይችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ለብዙዎች ሩቅ ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ አይቶ አካሄዱን ቢያስተካክል ቀሪው በቤት ይሠራል። በዴንማርኩ መርሐ ግብር ለውጡ የሚለካበት መንገድም ቤት ውስጥ ይገኛል፦ ግድግዳ የተደገፈ፣ መደገፊያ እጅ የሌለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆሞ መቀመጥ እንደሚቻል መቁጠር። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሰዓት ይይዛል፤ ቁጥሩ ከነቀኑ ይጻፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ወንበር እንደገና ይቆጠራል።