ደመወዝ ቢኖረንም ሥዕላችንን አናርክስ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ቀን ቢሮ ተውሎ ሥዕል መቼ ይሠራል? ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ይሠራል? ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ «ሥዕሌን ስንት ልበል?» የሚለው ነው። ከዚህኛው ልጀምር፤ ከልብ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና።

እኔ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ወር ሲደርስ ደመወዝ ይገባልኛል። ሥዕል ባይሸጥም የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ አስቤዛ ይገዛል። የእኛ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊዎች ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው። «እኔ እንኳ ለገንዘብ ብዬ አይደለም» እንላለን፤ ሸራና ቀለሙን ከሸፈነልን ይበቃል ብለን ዋጋ እንጠራለን። ገዢው ያንን ዋጋ ይዞ ወደ ሌላ ሠዓሊ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሥል ወደሚውለው፣ ልጆቹን በዚያው ወደሚያሳድገው። «እዚያ በግማሽ ዋጋ አይቻለሁ» ይለዋል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥዕል ትምህርት ቤት ዓመታት ተምሮ የወጣ፣ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ለዚህ ምን ይመልስ? ቸር የሆንን የሚመስለን እኛ ነን፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከእሱ ኪስ ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ በነፃ ስጡ፤ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ሠርግ፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት። ስትሸጡ ግን በሙሉ ዋጋ ሽጡ። መሐል ላይ ያለው፣ «እንዲያው ለወጪዬ ያህል» የሚባለው ዋጋ ነው ጉዳት የሚያመጣው።

አሁን ስሌቱን ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ ተመን አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው። ብዙ ጀማሪ በካሬ ሳንቲ ሜትር ያሰላል። በካሬ 2 ብር ብትሉ፣ 50 በ70 የሆነ ሸራ 3,500 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 7,000 ብር ይመጣል። ይህ ደህና ይመስላል። በዚሁ ስሌት ግን 20 በ30 የሆነችው ትንሽ ሥዕል 1,200 ብር ትሆናለች፤ 100 በ150 የሆነው ትልቁ ደግሞ 30,000 ይገባል። ትንሿ ሸራ ላይ ያለው ፊት ትልቁ ላይ ካለው ያነሰ ሐሳብ አልጠየቀም፤ እንዲያውም ቀጭን ብሩሽ ይዞ ዓይንን ማፍዘዝ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ ርዝመቱንና ወርዱን ደምሬ ነው የማባዛው። 50 እና 70 ሲደመሩ 120፤ በ60 ብር ሲባዛ 7,200። ትንሿ 50 በ60 ተባዝታ 3,000 ትሆናለች፤ ትልቁ 250 በ60 ሆኖ 15,000። ትንሿ ሥዕል አትዋረድም፣ ትልቁም ገዢ አያስደነግጥም።

ማባዣዋን ቁጥር ከየት ታመጣላችሁ? አንድ መካከለኛ ሥዕል የፈጀባችሁን ሰዓት በሐቀኝነት መዝግቡ። ለየሰዓቱ ቢያንስ መሥሪያ ቤታችሁ የሚከፍላችሁን ያህል ለራሳችሁ ክፈሉ። የሸራና የቀለም ወጪውን ጨምሩበት፤ ድምሩን ለዚያ ሥዕል ርዝመትና ወርድ ድምር አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያስፈራችኋል። አትቀንሱት።

ጋለሪ ስትገቡ ኮሚሽን አለ፤ እንደ ስምምነቱ ከሽያጩ ሲሶው፣ አርባ በመቶው፣ ግማሹም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ሲናደድ አያለሁ። እኔ አልናደድም፤ ኪራዩን የሚከፍለው፣ ግድግዳውን የሚቀባው፣ ገዢዎቹን በስም የሚያውቃቸው የጋለሪው ሰው ነው። የማይገባው ሌላ ነገር ነው፦ ጋለሪ ውስጥ ተሰቅሎ ያለን ሥዕል በጎን በቴሌግራም ዋጋ ቀንሶ መሸጥ። ዋጋው እዚያም እዚህም አንድ ይሁን፤ ኮሚሽኑንም ገና ዋጋ ስታወጡ አስቡበት።

ደግሞ ዋጋውን ጻፉት! «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ሥዕል እንዳይሸጥ ያደርጋል። ሥዕል ገዝቶ የማያውቅ ሰው መጠየቅ ያፍራል፤ ዋጋው ሰው እየታየ የሚቆረጥ ይመስለዋልና ዝም ብሎ ያልፋል። ከሥዕሉ ሥር መጠኑን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ዋጋውን አስፍሩ። ማን ያውቃል፣ የመጀመሪያ ሥዕሉን የሚገዛ ሰው ያን ዕለት ከናንተ ይገዛ ይሆናል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባው የቱቦ ቀለምና ብሩሽ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የድሮ ዋጋ ላይ ተቸንክሮ መቅረት አያዋጣም። እኔ መስከረም ሲጠባ ዋጋ እንደማስተካክል ለደንበኞቼ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ በመሐል አልነካካውም።

ትእዛዝን በተመለከተ፣ ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ እርሳስ አታንሡ። ይህን የምለው ሰው ስለማላምን አይደለም። ቀብድ የከፈለ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ ነው የሚመጣው፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ለኔ ከሚመጡት ትእዛዞች አብዛኞቹ በሞት የተለዩ ወላጆች ሥዕል ናቸው። በእጃቸው ያለችው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ ያውም ከመታወቂያ ላይ የተላጠች፣ ማኅተሙ ግማሽ ጉንጭ ላይ ያረፈባት። በቅርቡ አንዲት እኅት የአባቷን እንዲህ ያለ ፎቶ ይዛ መጣች። ፍላሹ ፊት ለፊት ስለመታቸው አፍንጫቸው ጥላ የለውም፤ ፊታቸው ዝርግ ሆኗል። ዝርግ ፎቶ ተገልብጦ የሚሠራ ሥዕልም ዝርግ ነው። ስለዚህ «ከመሐላችሁ አባትሽን የሚመስለው ማን ነው?» አልኳት። ታላቅ ወንድሜ አለች። ጠራችውና መጣ። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ የአፍንጫውን አጥንት፣ የጉንጩን አወራረድ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የገባበትን ጥላ በእርሳስ ነደፍኩ። ስጨርስ «አባታችሁ ሲስቁ ፊታቸው እንዴት ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ሳይነጋገሩ፣ እኩል፣ ግራ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ፎቶው ላይ የሌለው፣ ሥዕሉ ላይ ግን የገባው ያ ነው። ሸራና ቀለም ብቻ አስልቼ ባስከፍል ያ ከሰዓት በኋላ የት ይገባል?

ወደ ቤቱ ልምጣ። የምሥለው ሳሎን ጥግ ላይ ነው። የአውሮፓ የሥዕል መጻሕፍት በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል ምረጡ ይላሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። እነሱ ለሀገራቸው ትክክል ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩላችን ነው፤ ጠዋትና ማታም በዚያው መስኮት አግድም ትገባለች። የሰሜን መስኮት ለኛ በበጋ ግሩም ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ መጋረድ ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ደመናው ራሱ ይጋርድልናል።

ማታ ለምትሠሩ፣ አምፖላችሁን ቀይሩ። ቢጫ ብርሃን ሥር ቢጫና ነጭ ቀለም አይለዩም፤ ማታ ልክ የመሰላችሁ የቆዳ ቀለም ጠዋት ሲታይ ሌላ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ 5000 ኬልቪን አካባቢ የሚልና ሲ አር አይ የሚባለው ቁጥሩ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አምፖል ፈልጉ። ለሥዕል ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ቶሎ የሚክሳችሁ ይህ ነው።

ሸራዬን የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ የኖሩ ስለሆኑ ነገሩ ለኛ ባዳ አይደለም። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተሰቀለ በኋላ ይጣመማል። አራቱን ጎን ካያያዛችሁ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ጠማማ ነው። አቡጀዲውን አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ጨርቁ የሚሰበሰበውን ያህል ይሰብሰብ። ስትወጥሩ ከየጎኑ መካከል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘኑ ሂዱ፤ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ጨርቁ ይሸበሸባል። ከዚያ በውኃ የቀጠነ ኮላ። ይህን አትዝለሉ፤ የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም እርቃኑን ያለ ጥጥ ላይ ካረፈ ጨርቁን ከጊዜ ጋር እያደረቀ ያሰባብረዋል። ኮላው ሲደርቅ ነጩን ጄሶ ሁለት እጅ ቀቡት፤ በየመሐሉ በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ልጆቼ ይህችን የፍግፈጋ ሥራ ይወዷታል፤ እጃቸውን እያሳለፉበት «ለሰለሰ» እስኪሉ ድረስ አይለቁም።

ይህ ሁሉ ወጪ ይቀንሳል። ዋጋ ግን አይቀንስም። ሸራውን ራሴ ስለወጠርኩት ለገዢው የምቀንስለት ምክንያት የለም፤ ጉልበቱ የኔ ነው።

ቤትንና ሥዕልን አብሮ ማሰብ ድሮም ያለ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠሩት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መኖሪያቸውንና ስቱዲዮአቸውን ቪላ አልፋን የነደፉት ራሳቸው ናቸው። እኛም በአቅማችን ግድግዳ፣ ቡፌና ረከቦት አለን። ቡፌውን በሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ አሮጌ ቨርኒሽ ማንሣት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ረከቦት ግን ዛሬ ይነገር፤ ከሥዕል ይልቅ ቶሎ የሚሸጥልኝ እሱ ነው። እንጨቱን አናጢ ይሠራልኛል፤ እኔ ዙሪያውን በአክሪሊክ እሥልበታለሁ፤ ሐረግ፣ ወፍ፣ አንዳንዴ የባለቤቲቱን ግቢ አበባ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሙቀቱን ነው። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላም ሙቀት ሲነካው የሚለሰልስ ነገር ነው። ከከሰል የወረደ ጀበና በቀጥታ ቢቀመጥበት ቀለሙ ይላላል፣ ጀበናው ሲነሣ አብሮት ይላጣል። ስለዚህ ጀበናው የሚያርፍበትን ቦታ አልቀባውም። የተሰባበረ ሴራሚክ እየገጣጠምኩ እለጥፍበታለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ስብርባሪ ቤት የሚያሳድስ ጎረቤት ዘንድ አይጠፋም። ስኒው የሚደረደርበት ግን ሥዕል ቢሆን ችግር የለውም፤ ውኃ እንዳይገባው ከላይ ቨርኒሽ ይጨመርበት። የአናጢውን ክፍያ ከራሴ ጋር አልቀላቅልም። ገዢዋ ስትጠይቀኝ ይህ የእሱ፣ ይህ የኔ ብዬ ለይቼ እነግራታለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ማንም በአናጢው ዋጋ አይከራከርም።

በመጨረሻ ውጭ ሀገር ስለሚሄዱ ሥዕሎች ጠይቃችኋል። ለገና፣ ለጥምቀት የመጡ ወገኖች ሻንጣ ውስጥ መያዝ ይፈልጋሉ። ሸራው ከፍሬሙ ተነቅሎ ይጠቀለላል፤ ሲጠቀለል የተሣለበት ገጽ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ነገሩ ግራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ተጨምቆ ይሰነጠቃል። ቀጭን ዘንግ ላይ አትጠቅልሉት፤ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ካለው ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጣችሁ ውሰዱ፣ የተሣለበትን ገጽ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አልብሱት። በወፍራሙ የተቀባ የዘይት ሥዕል ከሆነ ጨርሶ አይጠቀለል፤ እንደተወጠረ በካርቶን ይሂድ። ገና ያልደረቀ ከሆነም ገዢው ይጠብቅ፤ የዘይት ቀለም ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም፤ ወራት ይፈልጋል።

ከቱቦው ጋር አንዲት ወረቀት አብሬ አስገባለሁ። የሥዕሉ ርዕስ፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የተጠቀምኩበት ቀለም ዓይነት፣ የተከፈለው ዋጋና ፊርማዬ ይሰፍርባታል። ከሥሯም እንደደረሰ ፈትታችሁ ወጥሩት፣ በብርዱ ወራት ከማሞቂያው በላይ አትስቀሉት የሚል አለ። የወረቀቷን ናሙና ነገ እለጥፍላችኋለሁ፤ ስሙን በራሳችሁ ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።