ላፕቶፑ ሊኑክስ ይቀበላል ወይ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረውን ማሻሻያ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ከሆነ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አይቀበልም። ስለዚህ ግምጃ ቤት ከተማ ሆነው ከእንጅባራ ወይም ከባሕር ዳር ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ካሰቡ፣ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ቢያስቡበት ያዋጣል።

ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንት ጊጋ ራም» ይልዎታል። ኮር አይ ፋይቭ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው፤ ራም ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሳለ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ቦታ ነው። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ዓይነት በ2 ጊጋ ይነሳል፣ በ4 ጊጋ ደህና ይሠራል። ስለ ራሙ ብዙ አይጨነቁ። ጣጣ የሚያመጣው ሻጩ የማያነሳው የዋይፋይ ካርድ ነው።

ለምን? እያንዳንዱ ዕቃ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኛው ድራይቨር ከርነል ከሚባለው የሲስተሙ እምብርት ጋር አብሮ ይመጣል። አምራቹ የዕቃውን አሠራር ከደበቀ ግን ድራይቨሩ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መርምረው እስኪደርሱበት ይዘገያል። የኢንቴል ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሠራል። የብሮድኮም ግን ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል። ዋይፋይ ሳይኖር ከየት ይወረድ? ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ኢንተርኔቱ በገመዱ ይመጣል።

ብር ከመክፈልዎ በፊት መፈተሽ ይቻላል? ይቻላል። ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱና ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሱት። ካልጫኑት በቀር ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋይ ይገናኝ፣ ድምፅ ይሰማ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃ እንደሆነ ይዩ። «አይ፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሻጭ አይመኑ፤ ለመመለስ ሌላ የመኪና ሂሳብ አለ።

ወጪውስ? የሚንት ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ የዳታ ጥቅል ይበላል። ግን አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለጎረቤት ማባዛት በሕግም የተፈቀደ ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል።

ፕሪንተር ካለዎት እሱንም ይሞክሩት። የኤችፒ አብዛኛው ይሠራል፤ አንዳንድ የካነን ሌዘር ግን ድራይቨሩን ለብቻ ማውረድ ይጠይቃል።

ላፕቶፑን የሚፈልጉት በፒችትሪ ሒሳብ ለመሥራት ከሆነ ግን ሊኑክስን ይተዉት። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።