የሥራ ተቋራጮች የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አመራረጥ፤ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ፥ የመንገድ ወይም የሕንፃ ሥራ በተጀመረበት ቦታ ሁሉ ንግድ ተከትሎ መሄዱ የታወቀ ነው። የተቋራጩ ካምፕ በተተከለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአጠገቡ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ የመሐል ሜዳ፥ የሞላሌ፥ የራቤልና የዓለም ከተማ ባለሱቆችም ለካምፑ ሠራተኞች ዘይቱን፥ ስኳሩን፥ ሳሙናውንና ጫማውን በዱቤ መስጠት ይጀምራሉ። ዱቤው የሚከፈለው ሠራተኛው ደመወዙን በተቀበለ ቀን ነው። ደመወዙ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ባለሱቁ ለደብረ ብርሃኑ ጅምላ ሻጭ፥ ጅምላ ሻጩም ለአዲስ አበባው አስመጪ የሚከፍለው ገንዘብ በዚያው ልክ ይዘገያል። እንግዲህ ተቋራጩ የሠራተኞቹን ሰዓትና ደመወዝ በምን ዓይነት መዝገብ ይይዛል የሚለው ጥያቄ የተቋራጩ የግል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ደመወዝ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ የገንዘብ እጥረት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ገንዘቡ በባንክ እያለ መዝገቡ ባለመድረሱ ብቻ የሚዘገይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፎርማኑ በየሥራው ቦታ ስም ይጠራል፤ የሰዓት ተቆጣጣሪው በወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ወረቀቱ ከገደል ማዶ ወደ ካምፑ ይመጣል፤ ጸሐፊው ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጠዋል፤ ከዚያም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። በመካከሉ አንድ ስም ቢዘለል ወይም አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቢቈጠር ዝርዝሩ ተመልሶ ይመጣል። በሌለ ሰው ስም ደመወዝ የሚወጣውም በዚሁ ረጅም መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ለማሳጠር ሶፍትዌር የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በብዙ ዓይነት ለገበያ ቀርቧል። ጥቅሙ የማያጠራጥር ሲሆን፥ አመራረጡ ግን ማስተዋልን የሚጠይቅ ነው።

የሥራን ቀን መቍጠር ለደጋው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በወንፈል አንድ ቀን ለጎረቤቱ የሠራ ሰው ያው አንድ ቀን ይመለስለታል፤ መዝገቡም የሰፈሩ ትዝታ ነው። ሠራተኛው ሲበዛና ተዋዋዮቹ የማይተዋወቁ ሲሆኑ ግን ትዝታ አይበቃም። በ1888 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዊላርድ በንዲ የተባለ ጌጣጌጥ ሻጭ የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ የእርሱ ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በኋላ አይ.ቢ.ኤም. ለተባለው ኩባንያ መነሻ ከሆኑት አንዱ ሆኗል። በእንግሊዝ አገርም ኮምፒዩተርን ለንግድ ሥራ በማዋል ቀዳሚ የሆነው በ1951 እ.ኤ.አ. ላየንስ የተባለው የዳቦና የሻይ ቤቶች ኩባንያ ሲሆን፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሠራተኞቹን ደመወዝ በዚያው ኮምፒዩተር ማስላት ጀመረ። ከዚህ እንደሚታየው የእነዚህ መሣሪያዎች መነሻ የንግድ ቤት ችግር ነው።

የአገሩና የሥራው ጠባይ

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ አገር ነው። በዚህ ደጋ ገበሬው የበልግን ዝናብ ጠብቆ ገብስ ይዘራል። ከአካባቢው የተቀጠረው የቀን ሠራተኛ አብዛኛው ገበሬ ስለሆነ፥ በዘርና በአጨዳ ጊዜ ወደ እርሻው ይመለሳል። በክረምት ደግሞ የአፈር ሥራ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በበጋ 300 የነበረው የሠራተኛ ቍጥር በሐምሌ ወደ 60 ቢወርድ የሚያስገርም አይሆንም። ፕሮግራሙ ሰው ሲወጣና ተመልሶ ሲገባ የቀድሞ መዝገቡን ሳያጠፋ ማስቀጠል አለበት።

ከዚህም በላይ በየወሩ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም ይከበራሉ፤ እንደየአጥቢያው የሚከበሩ ሌሎችም አሉ። እነዚህ ቀናት ሕግ የወሰናቸው የሕዝብ በዓላት አይደሉም፤ በእነርሱ ቀን የሠራም በዓል ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ አያገኝም። ሆኖም ብዙ ሰው ከሥራ ይቀራል። ጥሩ ፕሮግራም መንግሥት የሚያውቀውን በዓል፥ በአካባቢው ልማድ የሚከበረውን ቀንና ያለፈቃድ መቅረትን ለያይቶ የሚይዝ ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ቀሪ» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ጠብ ያመጣል።

የአከፋፈሉም ዓይነት አንድ አይደለም። ግንበኛው በቀን፥ ድንጋይ ጠራቢው በቍጥር፥ ቦይ ቈፋሪው በሜትር ቁርጥ፥ የማሽን ኦፕሬተሩ በወር ይከፈላቸዋል። በሰዓት ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም ለቢሮ ቢስማማም ለጥርብ ድንጋይ ሥራ አይበቃም።

የቀንና የሰዓት አቈጣጠር

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በውጭ አገር የተሠሩ ስለሆኑ የአውሮፓን አቈጣጠር ይከተላሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። በወር ደመወዝ ለሚሠራ ሰው በጳጉሜን የተለየ ደመወዝ አለመኖሩ የተለመደ ሲሆን፥ የቀን ሠራተኛው ግን የሠራባቸውን ቀናት ያገኛል። ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም እነዚያን ቀናት ወይ ይውጣቸዋል፥ ወይ ከነሐሴ ጋር ይደባልቃቸዋል። እንቍጣጣሽም በአውሮፓው አቈጣጠር አንዳንድ ዓመት በሴፕቴምበር 11፥ አንዳንድ ዓመት በ12 ይውላል፤ በዓሉን በአንድ ቀን ያሰረ ፕሮግራም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ መሳሳቱ የማይቀር ነው።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ፎርማኑ «ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ጸሐፊው በልቡ 6 እየደመረ የሚያስገባ ከሆነ፥ ወረቀትን ለማስቀረት የተገዛው ፕሮግራም አዲስ የስሕተት በር ከፈተ ማለት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፥ በሳምንት 48 ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፥ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 1.75፥ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት፥ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ለምሳሌ ያህል በ8 ሰዓት 480 ብር የሚከፈለው ግንበኛ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 60 ብር ነው። በሥራ ቀን ማታ 2 ሰዓት ቢጨምር 180 ብር፥ በዕረፍት ቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 960 ብር፥ በሕዝብ በዓል ቢሠራ 1,200 ብር ይደርሰዋል። ገዢው ይህችን አጭር ስሌት ሻጩ ፊት በፕሮግራሙ ማስላት ይችላል።

ሕግ የሚለወጥ መሆኑም መታሰብ አለበት። ከዚህ አዋጅ በፊት የቀኑ ትርፍ ሰዓት አንድ ከሩብ እጥፍ ነበር። ከደመወዝ ግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢም በአዋጅ ቍጥር 979/2008 600 ብር የነበረው በአዋጅ ቍጥር 1395/2017 2,000 ብር ሆኗል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ በአዋጅ ቍጥር 1268/2014 ከሠራተኛው 7፥ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። እነዚህን ቍጥሮች የድርጅቱ ሒሳብ ሹም ራሱ ሊያስተካክላቸው የማይችልበት ፕሮግራም፥ አዋጅ በወጣ ቍጥር የሻጩን ደጅ የሚያስጠና ነው።

አዋጁ አሠሪው የደመወዝ መዝገብ እንዲይዝ፥ በመዝገቡም ጠቅላላው ደመወዝ፥ የተቀነሰውና የተጣራው ተለይቶ እንዲገለጽ፥ ሠራተኛው ሲጠይቅም እንዲብራራለት ያዝዛል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፊርማ የሚሰፍርበትን ዝርዝር በአማርኛ አትሞ ማውጣት ይገባዋል። በስክሪን ላይ ያማረ፥ በወረቀት ላይ ግን የማይነበብ ዝርዝር ለደመወዝ ተቀባዩ አይጠቅመውም።

አሻራና ስም

በየቢሮው የተለመደው የጣት አሻራ መሣሪያ በግንባታ ቦታ ሁልጊዜ አይሠራም። ሲሚንቶ፥ አሸዋና ድንጋይ የጣትን ቆዳ ይበላሉ፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ሰው አሻራው የማይነበብለት ይሆናል። ፊትን የሚለየው መሣሪያም በመንዝ የጧት ብርድ በጋቢና በባና ተከናንቦ የመጣውን ሠራተኛ ሁሉ ከሰልፍ አውጥቶ መሸፈኛውን ሊያስገልጥ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ጎን በካርድ ወይም በፎርማኑ ምስክርነት የሚመዘገብበት ሁለተኛ መንገድ፥ ያንንም ማን እንደ መዘገበ የሚያሳይ ምልክት ያስፈልጋል።

ስምም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛ ሰው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም። ኃይሉ፥ ሐይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ መልካቸው ይበዛል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት ወይም ሁለት ሰዎች እንደ አንድ የሚቈጠሩበት ምክንያት ይኸው ነው። ከስሙ ጋር ፋይዳ የተባለውን የብሔራዊ መታወቂያ ቍጥር የሚይዝ ፕሮግራም ይህን ያቀልላል። ይሁን እንጂ አሻራና መልክ የሠራተኛው የግል ሀብት ስለሆኑ በአዋጅ ቍጥር 1321/2016 ጥበቃ ተደርጎላቸዋል፤ ማን እንደሚያያቸውና የት እንደሚቀመጡ ሻጩ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት።

ኔትወርክና ዋጋ

በገበያ ያሉት ፕሮግራሞች ባጭሩ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በመሣሪያው ውስጥ መዝግቦ በፍላሽ የሚገለበጥ፥ ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚሠራና በየወሩ በሰው ልክ የሚከፈልበት፥ ሦስተኛው እንደ ኢ.አር.ፒ.ኔክስት ያለ፥ የፕሮግራሙ ዋጋ በነጻ ሆኖ የባለሙያው ድካም የሚከፈልበት ነው። ሒሳብ ሹሞች በሰፊው የለመዱት፥ ኋላም ሴጅ 50 ተብሎ ስሙ የተለወጠው ፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ እንጂ የሰዓት መቆጣጠሪያ ስላልሆነ፥ የሚገዛው ፕሮግራም ዝርዝሩን ለሒሳብ መዝገቡ በሚስማማ መልክ ማውጣቱን መጠየቅ ይገባል።

ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ የሥራ ቦታ ኔትወርክ እንደ አዲስ አበባ አይሆንለትም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱም የሚረሳ አይደለም። ያለ ኔትወርክ መመዝገብ የማይችል ፕሮግራም ምንም ያህል ቢረቅ ለዚህ አገር አይሆንም።

ዋጋው በዶላር የሆነ ውል ሌላ አደጋ አለው። በነፍስ ወከፍ በወር 3 ዶላር ቢሆን ለ200 ሠራተኛ 600 ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 34,200 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያው አገልግሎት ከ60,000 ብር በላይ ሆነ። በክረምት ሠራተኛው ሲቀንስ ክፍያውም የሚቀንስ መሆኑ በውሉ ካልተጻፈ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ፈተና

ፕሮግራም በሻጩ ቢሮ ሳይሆን በሩቁ የሥራ ቦታ፥ በእውነተኛ የደመወዝ ቀን መፈተን አለበት። ለዚህም አንድ የ15 ቀን መዝገብ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በፕሮግራሙ ይያዝ። የሚመረጠው ጊዜ ቀላሉ ሳይሆን ከባዱ ይሁን፤ ጳጉሜንና እንቍጣጣሽ ወይም የጥምቀት ሳምንት ይስማማል። በመካከሉ ኔትወርኩ ለ3 ቀን ይዘጋ፤ አንድ ሠራተኛ ከአንዱ ጓድ ወደ ሌላው ይዛወር፤ አንዱ ሥራውን ይልቀቅ፤ አንዱ ቅድሚያ ገንዘብ ይውሰድ። በመጨረሻ ሁለቱ ዝርዝሮች ስም በስም ይመሳከሩ። ልዩነት ቢገኝ ከሁለቱ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ ይመርመር፤ አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ በቆየው ወረቀት ላይ ይገኛልና። ከዚህም ጋር ውሉ ቢፈርስ መዝገቡ ሁሉ ለገዢው ተመልሶ የሚሰጥ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን ፈተና እምቢ የሚል ሻጭ ዕቃውን ራሱ አላመነበትም ማለት ነው።

የአስመጪውና የባለሱቁ ድርሻ

መሣሪያውን የሚያስመጣ ነጋዴ ከሣጥኑ ጋር የአማርኛ መመሪያ፥ መለዋወጫና በደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ ጠጋኝ ቢያዘጋጅ፥ ርካሽ ዋጋ ብቻ ከሚያቀርበው ተወዳዳሪው ይልቅ ገበያ ያገኛል። የተበላሸ መሣሪያ ለጥገና አዲስ አበባ ወርዶ እስኪመለስ ድረስ ሠራተኛው ያለ መዝገብ ሊውል አይችልም።

ባለሱቁም ዱቤው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ በተቋራጩ በኩል እንዲቀነስለት ሲስማማ፥ ሠራተኛው በጽሑፍ መፍቀዱንና ተቀናሹ ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አለመብለጡን ማወቅ ይገባዋል። የወር ደመወዙ 12,000 ብር ለሆነ ሰው የተቀናሹ ወሰን 4,000 ብር ነው። ከዚህ በላይ የሰጠው ዱቤ በዚያ ወር በዚህ መንገድ አይሰበሰብም። ይህን ወሰን ራሱ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሠራተኛውን ከባዶ ኪስ፥ ባለሱቁንም ከባዶ ተስፋ ያድናል።

ወረቀቱን ሳይጥል፥ አዲሱንም ሳይፈራ፥ ሁለቱን በአንድ የደመወዝ ቀን አስተያይቶ የሚወስን ተቋራጭ የሚመርጠው ፕሮግራም ለአገሩ የሚስማማ ይሆናል። ደመወዙ በተባለው ቀን ሲከፈል ሠራተኛው ዱቤውን ይከፍላል፤ ባለሱቁም አዲስ ዕቃ ለማዘዝ ወደ ደብረ ብርሃን ይወርዳል።