የድሮው ቴትሪስ እ.ኤ.አ. በ2018 አዳዲሶቹን ጌሞች እንዴት አስከነዳ?

እ.ኤ.አ. 2018 ለጌም አፍቃሪዎች የጥጋብ ዓመት ነበር። ኤፕሪል ላይ ጎድ ኦፍ ዋር ወጣ፣ ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2። ሁለቱም ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ናቸው። የእንግሊዙ የጌም ድረ ገጽ ዩሮጌመር ግን የዓመቱ ምርጥ ብሎ የመረጠው ቴትሪስን ነው። አዎ፣ ያንኑ ከላይ እየወረደ የሚደረደረውን፣ ብዙዎቻችን "ብሪክ ጌም" ላይ የምናውቀውን!

ሙሉ ስሙ ቴትሪስ ኢፌክት ነው። ኖቬምበር 2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። የሃያስያንን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ላይ ከ100 ወደ 90 የተጠጋ ነጥብ አገኘ። ታዲያ ምን አይተው ነው? ናፍቆት ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። ዋናው ሕግ እንዳለ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ እንደሠራው፣ ዛሬም ከ4 ካሬ የተሠሩ 7 ዓይነት ቅርጾች ይወርዳሉ፤ መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል። የተቀየረው ዙሪያው ነው። ከጌሙ ጀርባ ያለው ጃፓናዊው ቴትሱያ ሚዙጉቺ ሬዝ እና ሉሚነስ በተባሉት ሥራዎቹ ሙዚቃን ከጨዋታ ጋር በማዋሃድ የታወቀ ሰው ነው። እዚህም ቅርጹን ባዞራችሁ ቁጥር ከሙዚቃው ጋር የሚገጥም ድምፅ ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ምስልም አብሮ ይቀያየራል። ሙዚቃውን እናንተም እየሠራችሁት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው "ዞን" የሚባለው ነው። መስመር ባጠፋችሁ ቁጥር የሚሞላ መለኪያ አለ። ስትጠቀሙበት ቅርጾቹ በራሳቸው መውረድ ያቆማሉ፤ የሞሉት መስመሮችም ታች ተጠራቅመው መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይጠፋሉ። በድሮው በአንዴ ከ4 መስመር በላይ ማጥፋት አይቻልም፤ በዞን ግን ይቻላል። "በቃ አለቀልኝ" ላለ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስሙም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቴትሪስ ብዙ የተጫወተ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ቅርጾቹ ሲወርዱ ይታዩታል፤ ይህ ነገር "ቴትሪስ ኢፌክት" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ቅርጾቹን አይተዋል።

ወቀሳም ነበረበት። ሲወጣ ዋጋው 40 ዶላር ነበር፤ "ለቴትሪስ ይህን ያህል?" ያሉ ነበሩ። ከሌላ ሰው ጋር መፎካከርም አይቻልም ነበር፤ ይህ የመጣው በ2020 ቴትሪስ ኢፌክት ኮኔክትድ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ከጓደኛው ጋር ለመጫወት ያሰበ ሰው በ2018 ነጥቡን ብቻ አይቶ ቢገዛ ይቆጨው ነበር። ነጥቡ ግን ውሸት አልነበረም፤ የሱን ጥያቄ አልመለሰለትም እንጂ።

ስለዚህ የድሮ ጌም ታድሶ ሲመጣ ቁጥሩን አይታችሁ አትለፉ፣ ጽሑፉን አንብቡት። ምኑ ተነካ? ምን ተጨመረ? እኔ የምፈልገው አለበት? ለነዚህ መልስ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉ ታውቃላችሁ።

እናንተስ፣ የትኛው የድሮ ጌም እንዲህ ታድሶ ቢመጣ ትወዳላችሁ?