ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም

ሽጉጥ ወገብ ላይ እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን እጅ ሳይታወቅ እየሄደ ይዳብሰዋል፤ ሲቀመጡ ይቆረቁራል፤ መንገደኛው ሁሉ ያየው ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ ሙቀት ከስስ ሸሚዝ በላይ ምን ይደረባል? ጠንካራ ቀበቶና ምላጩን በደንብ የሚሸፍን አፎት ያስፈልጋል። ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ይህንን የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፣ ጣትም ያለ ሥራው ምላጭ ላይ አያርፍም። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልፈዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ገንደ ቆሬ ሰፈር የጫት በርጫ ላይ ተቀምጠናል። አንዱ እንግዳ ማካሮቩን አወጣና ካዝናውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «አቦ ባዶ ነው፣ እየው!» ብሎ አጠገቡ ላለው ጎረምሳ አቀበለው። ጎረምሳው ሲያገላብጠው አፈሙዙ ወደኛ ዞረ። ተቀብዬው፣ ወደ መሬት አዙሬ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብኩት። አንዲት ጥይት ተስፈንጥራ ገረባው መሃል ወደቀች። ቤቱ ጭጭ አለ። በርጫ ላይ ሽጉጥ ማውጣቱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ማለቱ ግን ነፍስ ያጠፋ ነበር።

ካዝና የጥይት ማስቀመጫ ብቻ ነው። ሽጉጡ ሲቀባበል የላይኛዋ ጥይት ከካዝናው ወጥታ በርሜሉ ውስጥ ትገባለች፤ ጎረሰ የምንለው ይህንን ነው። ካዝናውን ቢነቅሉት የቀሩት ይወጣሉ፣ የጎረሳት እዚያው ናት። ካዝናቸው ሲወጣ እንዳይተኩሱ ተደርገው የተሠሩ ሽጉጦች አሉ። በፈረንጆች 1951 የሶቪየት ጦር የታጠቀው፣ 8 ጥይት የሚይዘው ማካሮቭ ግን ያለ ካዝናም ይተኩሳል።

ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይሳባል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው የጎረሳትን አውጥቶ፣ ብረቱ ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሰዋል፤ ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «አወጣሁ» ይላል። እንዲህ ያለውን አምርሬ እቆጣለሁ። ብረቱን ስቦ በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት መዳሰስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

እኔ ሽጉጤን ከቆለፍኩበት ሳጥን ሳወጣ፣ ማታ ባዶ ያደረግሁት ራሴ ብሆንም፣ ስቤ አየዋለሁ። ምን እንደያዘ አውቄ ስለምታጠቀው፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስሄድ እጄ ሊዳብሰው አይሄድም።