ማርና ዘይት ከአንድ ማሳ

ፈረንሳይ ሲባል ወይን ብቻ የሚታየው ሰው ብሬታኝ ቢደርስ ይገረማል። በሰሜን ምዕራብ፣ ባሕሩን ተጠግታ ያለች ቀዝቃዛና ዝናባም ምድር ናት፤ ወይን እንደ ልብ አይበቅልባትም። ስለዚህ የአገሬው ሰው ከፖም ሲድር ይጠምቃል፤ ከማር ደግሞ ሹሼን ይጥላል። ሹሼን የጠጅ የሥጋ ዘመድ ነው። ማሩ በውሃ ተበርዞ ይፈላል፤ ጌሾ ግን አይገባበትም። ከጥንት ጀምሮ ለሹሼን የሚመረጠው ማር ጠቆር ያለና ኃይለኛ ነው፤ ንቧ የምትቀስመው እነሱ ጥቁር ስንዴ ከሚሉት እህል አበባ ነው። የዚያው እህል ዱቄት ቀጥኖ ይበጠበጥና በሰፊ ክብ ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይጋገራል። ጋሌት ይሉታል። ዕንቁላልና አይብ ጣል ተደርጎበት፣ ከሲድር ወይም ከሹሼን ጋር ይቀርባል።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን እቀዳለሁ፤ የትኛው ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ለእንግዳ ማስረዳት ሥራዬ ነው። በሥልጠና ላይ የብሬታኝን ነገር ስሰማ ሐሳቤ ወዲያው አገሬ ኑግ ማሳ ውስጥ ገባ። የቢቸና ሜዳ መረሬ ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። በጥቅምት ግን ዓይን የሚስበው የኑጉ ቢጫ አበባ ነው። ከፍሬው የሚወጣው ዘይት በጾም ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ከአበባው የሚቀሰመው ማር ጠጅ ይሆናል። ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ አይሆንለትም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ንቧ ማሩን ለጋኑ ስትቀስም ፍሬውንም ለዘይቱ እያስያዘች ነው። አባቴ ቀፎውን ከኑጉ ዳር የሚሰቅለው ይህን በዓይኑ አይቶ ነው፤ መጽሐፍ አልነገረውም።

የኑግ ማር ቢጫ ነው፤ ቶሎም ይረጋል። እናቴ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ትበርዛለች፤ ከዚያ በላይ የሚያቀጥን ሰውም አለ። ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ብርዙ ፈላ ሲል ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ከዚያ ከጓሮ የተቆረጠው ጌሾ ይገባል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጠዋል፤ ጠጁን ከሚያበላሽ ነገርም ይጠብቀዋል። ቢቸና ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጠጁም ሳይቸኩል ነው የሚደርሰው። ይህ ቀስ ማለቱ ለጣዕሙ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ ያገባችው ሞጣ ነው። መንገዱ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ይዘልቃል፤ የቢቸናና የሞጣ ከፍታም ተቀራራቢ ነው። ሆኖም አክስቴ የምትገዛው ማር የባሕር ዛፍ አበባ ይበዛበታል። ጠጇ ሲጠጡት አፍንጫ ላይ የሚቀር፣ ወደ መድኃኒት የሚያደላ ሽታ አለው። ጌሾም አትሰስትም። ሁለቱን ጠጅ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ። አንዴ ይህንኑ ስነግራት፣ «ታዲያ ንቡ ሌላ፣ አበባው ሌላ፤ ምን ይገርማል አንቺ ልጅ?» አለችኝ። ጎረቤቶቿ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለእነሱ ሳይፈላ ብርዙን ታቀርባለች። እኔም ከገንፎ ጋር ከብርዝ የሚስማማ መጠጥ አላውቅም።

ፈረንሳዮች የአንድ አገር መጠጥ ከዚያው አገር ምግብ ጋር ይሄዳል ይላሉ። በሎዋር ወንዝ ዳር የሳንሴር ነጭ ወይን እዚያው ከሚሠራው የሻቪኞል የፍየል አይብ ጋር ይቀርባል። በደቡብ ምዕራብ የካኦር ጥቁር ቀይ ወይን ከዳክዬ ጋር ነው፤ የወይኑ መጎምዘዝ የዳክዬውን ስብ ከአፍ ያጥባል። የእኛም ጠጅ በዚሁ መንገድ መታየት አለበት። በደንብ የፈላና ጌሾው የበረታ ጠጅ ለቁርጥ ነው፤ ምሬቱ ጮማውን ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለውን ጠጅ ግን ከዶሮ ወጥ ጋር አልቀዳም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ጣፋጭ ነገር ደግሞ ያበርደዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ለጋ፣ ጣፋጭነቱ ገና ያላለቀ የኑግ ማር ጠጅ ይሻላል። ቅመም ለበዛበት ምግብ ከፈረንሳይ አልዛስ የሚመጣውን ጣፋጭ ቀመስ ነጭ ወይን የምንመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽሮ ሲሆን በጭስ የታጠነ ጠላ እመርጣለሁ። ለአረቄ ደግሞ ምሬቱ በውሃ የወጣለት ጊብጦ ይበቃል።

የፈረንሳይ ወይን ዘር እኛም አገር ተተክሏል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አኬሺያ የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አወጣ። የዝዋይ ሻርዶኔ ከሐይቁ ዓሣ ጋር መልካም ነው፤ ቀዩም አዋዜ ካልነካው ዝልዝል ጥብስ ጋር ይስማማል። ቀይ ወጥ ላይ ግን ጠጅን የሚተካ ወይን እስካሁን አላገኘሁም።

ከፈረንሳዮች የምቀናው በስም አጠባበቃቸው ነው። ይህም በጠብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የሻምፓኝ ገበሬዎች ከሌላ አካባቢ በመጣ ወይን ስማቸው ሲነገድበት ተነሥተው መጋዘን ሰባበሩ። በ1923 የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ወይን አምራቾች የትኛው መሬት፣ የትኛው የወይን ዘር፣ ምን ያህል አልኮል የሚል ደንብ ለራሳቸው አወጡ። በ1935 አገሪቱ በሙሉ ሕግ ወጣላት። ዛሬ የኮርሲካ ማር ሳይቀር በዚህ ዓይነት ሕግ ስሙ የተጠበቀ ነው።

እኛ ጋ ከተማ ውስጥ በስኳር የተጣለ ጠጅ የማር ጠጅ ተብሎ ይሸጣል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከጠጪው በላይ የሚጎዳው ቀፎ የሰቀለው ገበሬ ነውና። የቢቸና ጠጅ ደንብ ቢጻፍ ረጅም መሆን የለበትም፦ የዚያው ወረዳ ማር፣ አብዛኛው ከኑግ፤ የጓሮ ጌሾ፤ በወይራ የታጠነ የሸክላ ጋን፤ ስኳርም ቀለምም የሌለበት። ሞጣም የራሷን ትጻፍ፣ የባሕር ዛፉን ሽታ ሳታፍርበት።

ደንቡ እስኪጻፍ ድረስ መጠየቅ የጠጪው ፈንታ ነው። ከደጀን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው የኑጉ ማር ተቆርጦ ጠጁ እስኪደርስ ጠብቆ ከኅዳር ወዲህ ቢሄድ ይመረጣል። ብርሌው ከመቀዳቱ በፊት ማሩ የምን አበባ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ትንሽ ይቅመስ። ጠጁ ከጎመዘዘ ቁርጥ ይዘዝ፤ ጣፋጭነቱ ካልለቀቀው ዶሮ ወጡ ይምጣ።